ላለመፈረም የሚሆን ስንቅ

የካቲት 19 እና 20 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋሽንግተን የዓባይን ሦስት አገሮች በሕዳሴው ግድብ ላይ ለመጨረሻ ዙር ድርድር ጠርታ ነበር። ግብጽ ሄደች፤ ሱዳንም ሄደች፤ ኢትዮጵያ ቀረች። ከአዲስ አበባ የወጣው መግለጫ የአገር ውስጥ ምክክራችንን ስላልጨረስን አንገኝም የሚል ነበር። በአሜሪካ ግምጃ ቤት አሰባሳቢነትና በዓለም ባንክ የባለሙያ ድጋፍ በተሰናዳው ረቂቅ ላይ ግብጽ ብቻዋን የመጀመሪያ ፊርማዋን አኖረች። ሱዳን ሳትፈርም ተመለሰች። የግምጃ ቤቱ ሚኒስትር ስቲቨን ምኑሽንም ያለ ስምምነት የመጨረሻው ሙከራና ሙሌት መካሄድ የለበትም ሲሉ አስታወቁ። ክረምቱ ገባ፤ ሐምሌ 2012 ላይ ግድቡ የመጀመሪያውን 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ ያዘ።

ከዚያ ወዲህ ያ መቅረት ብዙ ተጽፎበታል። አንዳንዱ ጀግንነት ይለዋል፤ ሌላው ከኃያል አገር ጋር መላተም ነው ብሎ ይነቅፈዋል። ሁለቱም ወገን ዓይኑን የተከለው በእነዚያ ሁለት ቀናት ላይ ነው። እኔ ግን ጉዳዩ የተወሰነው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው ባይ ነኝ። ከድርድር ተነስቶ መሄድ የሚችለው ሲቀመጥ ስንቁን ቋጥሮ የመጣ ሰው ነው። ስንቁ ሲለወጥ ደግሞ የትናንቱን ስልት መልሶ መያዝ አያዋጣም። ኢትዮጵያ ዛሬ ያለችው እዚህ ሁለተኛው ነጥብ ላይ ይመስለኛል።

ይህን ነገር በአዊ፣ እንጅባራ ሆኖ ማሰብ ከሌላው ቦታ ይለያል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አስፋልት ከተማዋ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በአዲስ ቅዳምና በዳንግላ በኩል ባሕር ዳር ይገባል፤ ሌላው ቆላውን ይዞ በቻግኒ አድርጎ ወደ ግልገል በለስና ወደ ጉባ ይወርዳል። የግድቡን ጭነት የያዙ ከባድ መኪኖች በዚህ መገንጠያ ሲያልፉ የአዊ ሰው ለዓመታት አይቷል። ውኃውም የዚሁ አገር ነው። ዱራና ፈጠም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ በዳንግላ ዙሪያ የሚፈልቁት ጅረቶች ወደ ግልገል ዓባይ ገብተው ጣናን ይሞላሉ፤ በጃዊ ሜዳ የሚያልፈው በለስም ወደ ዓባይ ነው የሚፈሰው። ስለ ሙሌትና ስለ ድርቅ አለቃቀቅ በዋሽንግተን የተጻፈ አንድ አንቀጽ ውሎ አድሮ እዚህ ያለውን ገበሬ የመስኖ ቦይ ይነካል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የድርድርን ትምህርት የሚያስተምሩ ሰዎች አንድ የሚስማሙበት ነገር አለ። ሮጀር ፊሸርና ዊልያም ዩሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ታዋቂ መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የተደራዳሪ ጉልበት የሚለካው ስምምነቱ ባይሳካ በእጁ በሚቀረው ነገር ነው። የጦሩ ብዛትም የአንደበቱ ቅልጥፍናም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከእነሱ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ ቶማስ ሼሊንግ ሌላ ነገር ተናግሮ ነበር፦ አንዳንዴ የራሱን እጅ ያሰረ ሰው ይበረታል፤ ማፈግፈግ እንደማይችል ሌላው ወገን ስለሚያውቅ። እነዚህን ሁለት ሐሳቦች በእጅ ይዞ ወደ አዲስ ቅዳም መሄድ ይጠቅማል።

በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ መሬቱ አሲዳማ ነው፤ እህል እንደ ልብ አይሰጥም። ገበሬው ለዚህ ያገኘው መላ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር አብሮ ይተክላል፤ ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ሣሩን ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ለከሰል ይሸጠዋል። ሽያጩ ብዙ ጊዜ ዛፉ እንደቆመ ነው። ገዢው ማሳው ውስጥ ገብቶ ግንዱን እያቀፈ ውፍረቱን ይገምታል፣ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፣ ስንት ጆንያ እንደሚወጣው በልቡ ያሰላል። ከዚያ ዝቅ ያለ ዋጋ ይጠራል።

«አባቴ፣ አዲስ አበባ ላይ ከሰል ወርዷል፤ መኪናውም በዚህ መንገድ አልሄድም እያለ ነው። ከዚህ በላይ አያዋጣኝም።»

«እንግዲህ ይቁም፣ ልጄ።»

ድርድሩ በሙሉ በዚች «ይቁም» ላይ ነው። ዛፉ እስከ ከርሞ ቢቆም ይወፍራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ገበሬው ፊቱን አዙሮ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል፤ ገዢው ከኋላው ይጠራዋል። ነጋዴዎቹም ይህን ስለሚያውቁ የሚመጡበትን ሰሞን ይመርጣሉ። ማዳበሪያ የሚከፈልበት፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚመዘገቡበት፣ የታመመ ሰው ሆስፒታል የሚሄድበት ጊዜ ላይ ጥሬ ብር ይዘው ብቅ ይላሉ። የቸገረው ሰው «ይቁም» ቢል እንኳ ድምፁ ያስታውቅበታል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዲከረንሱን በሽታ ገባበት። ዛፉ ሳይደርስ ይደርቅ ጀመር። በክልሉ ያለው ግጭትም መንገዱን በየጊዜው ይዘጋዋል። ያው ገበሬ፣ ያው ማሳ፣ ያው ቃል ነው፤ አሁን ግን «ይቁም» ማለት ቢደርቅም ይድረቅ ማለት ሆነ። የሰውዬው ወኔ አልቀነሰም። ቀድሞ ለእሱ ይሠራ የነበረው ጊዜ ነው ወደ ገዢው ወገን የዞረው። ስለ ድርድር የተጻፈ ነገር ሁሉ ሲጨመቅ እዚህ ላይ የሚደርስ ይመስለኛል፦ ሁለቱም ዝም ብለው ቢቀመጡ ነገ የሚሻለው ለማን ነው?

በዚህ ጥያቄ ብሪታንያን እንመልከት፤ ኢትዮጵያ ከዋሽንግተን ከመቅረቷ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2020፣ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታለችና። ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 መጥፎ ስምምነት ከመፈረም ያለ ስምምነት መቅረት ይሻላል ብለው ተናገሩ። ቃሉ ጠንካራ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት 29 ቀን ግን የኅብረቱን ውል አንቀጽ 50 አንቀሳቀሱ፤ አንቀጹ ሁለት ዓመት ይሰጣል፣ ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ያለ ስምምነት መውጣት ይመጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጊዜው ለብራሰልስ ይሠራ ጀመር። ከብሪታንያ የወጪ ንግድ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚሄደው ወደ አውሮፓ ነው፤ አውሮፓ ወደ ብሪታንያ የሚልከው ግን ከጠቅላላው ትንሹ ነው። የኅብረቱ ዋና ተደራዳሪ ሚሼል ባርኒየ መቆጣትም መቸኮልም አላስፈለጋቸውም።

ሌላውም ድክመት የቤት ውስጥ ነበር። ረግጬ እወጣለሁ የሚል ሰው ሲወጣ የሚያርፍበት ቤት ሊኖረው ይገባል። የለንደን መንግሥት ወደብ ቢጨናነቅ ጭነት እንዲያመላልስለት ያን ጊዜ አንድም መርከብ ያልነበረው ድርጅት ተዋውሎ ውሉን ኋላ ሰረዘው። ፓርላማውም የሜይን ረቂቅ ሦስት ጊዜ ጣለው፤ የመጀመሪያው በ432 ለ202 ድምፅ ነበር። ያው ፓርላማ ያለ ስምምነት መውጣትንም እ.ኤ.አ. መጋቢት 2019 ተቃወመ። ስለዚህ ባርኒየ ፊት የተቀመጠው ሰው የማይፈርምም የማይሄድም ሆነ። ቦሪስ ጆንሰን መጥተው ጠረጴዛውን ደጋግመው መቱ፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2020 አጋማሽ ላይ አገራቸው ያለ ስምምነት ለመኖር እንድትዘጋጅ ተናገሩ፤ ሳምንት ሳይሞላ ንግግሩ ቀጠለ፤ በገና ዋዜማ ተስማሙ። ቀድሞ በተፈረመው የመውጫ ውል ላይ ሜይ አልቀበልም ያሉት ነገር፣ በሰሜን አየርላንድና በተቀረው ብሪታንያ መካከል በባሕር ላይ የሚደረግ የዕቃ ቁጥጥር፣ በጆንሰን ዘመን ተፈርሟል። እንዲያም ሆኖ ማስፈራራቱ ፋይዳ አልነበረውም ማለት አልችልም፤ ብራሰልስ አይነካም ያለችውን ረቂቅ ለጆንሰን ከፍታዋለች። ዋጋው ግን ሰሜን አየርላንድ ሆነ።

ግሪክ ከዚህም የከፋ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2015 ከመራጩ 61 በመቶ የአበዳሪዎቹን ቅድመ ሁኔታ አልቀበልም አለ። በዚያች ቀን ግን ባንኮቹ ተዘግተው ነበር፤ ሰው በቀን ከ60 ዩሮ በላይ ማውጣት አይችልም። በስምንተኛው ቀን መንግሥቱ ከቀድሞው ያልተሻለ ስምምነት ተቀበለ። የሕዝብ ቁጣ እውነተኛ ነበር፤ ካዝናው ግን ባዶ ነበር።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ በዓባይ ጉዳይ ዝምታው ለረጅም ዘመን የሠራው ለግብጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብጽና ሱዳን አስዋን ላይ የሚደርሰውን 84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ሲካፈሉ 55.5 ለካይሮ፣ 18.5 ለካርቱም ደረሰ፤ የቀረው ለትነት ተተወ። ኢትዮጵያ አልተጠራችም። የአሜሪካ ባለሙያዎች ጥናት እ.ኤ.አ. በ1964 ተጠናቆ በዓባይ ላይ ግድብ የሚሠራባቸውን ቦታዎች ለየ፤ ጥናቱ ግን መደርደሪያ ላይ ቀረ። አበዳሪዎች የታችኛው ተፋሰስ አገሮች ካልተስማሙ ገንዘብ አንሰጥም ይላሉ፤ ካይሮ ደግሞ ለመስማማት የሚያስቸኩል ምንም ነገር አልነበራትም። ዝም ብላ ብትቀመጥ ውኃው በየክረምቱ ይመጣላታል። ያለ ድካም ከድርድር ውጭ መሆን ማለት ይኸው ነው፤ ግብጽ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ኖራበታለች።

ይህን የገለበጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መለስ ዜናዊ ጉባ ላይ ያኖሩት የመሠረት ድንጋይ ነው። ግንባታው ሲጀመር የተነገረው ወጪ 80 ቢሊዮን ብር ነበር፤ ገንዘቡ ከአገር ውስጥ ይሰበሰባል ተባለ። መምህሩ የወር ደመወዙን ከፍሎ በየወሩ አስቆረጠ፤ ገበሬው ቦንድ ገዛ፤ ተማሪው ሳንቲም አዋጣ። በእንጅባራም በዳንግላም ያ ቦንድ ያልገባበት የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ማግኘት ይከብዳል። የገንዘቡ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ሥራውን የሚያስቆም አበዳሪ አልነበረም። ለእኔ ከዚያ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ውጤቱ ነው፤ የሼሊንግ ሐሳብ እዚህ ላይ ይሠራል። ከገበሬና ከዘበኛ ኪስ በተሠራ ግድብ ላይ ተደራዳሪ እንደ ፈለገ መፈረም አይችልም። የያኔዎቹ ሚኒስትሮች ስለሺ በቀለም ሆኑ ገዱ አንዳርጋቸው ዋሽንግተን ሲቀመጡ ከኋላቸው የማን ዓይን እንዳለ አሜሪካኖቹም ግብጾቹም ያውቁ ነበር። የአገር ውስጥ ምክክር አልጨረስንም ሲባል ብዙ የውጭ ጸሐፊ ጊዜ መግዣ አድርጎ ቆጠረው፤ ቢሆንም ያ ምክክር እውነተኛ ክብደት ነበረው።

ሦስተኛው ስንቅ ክረምቱ ነው። ግድቡ ከፍ ባለ ቁጥር ውኃው በራሱ ይጠራቀማል። በ2012 የመካከለኛው ክፍል የደረሰበት ከፍታ ለ4.9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ በቂ ነበር። አንቀጽ 50 ለብራሰልስ እንደሠራው ሁሉ ሐምሌና ነሐሴ ለአዲስ አበባ ሠሩ። አለመስማማት ማለት ግንባታው ይቀጥላል ማለት ሆነ። ግብጽ ይህን ለመለወጥ ነው ጉዳዩን ሰኔ 22 ቀን 2012 በጸጥታው ምክር ቤት ያስነሳችው። ከሦስት ቀን በፊት ግን የአፍሪካ ኅብረት በሲሪል ራማፎዛ ሰብሳቢነት ጉዳዩን ወደ ራሱ ወስዶት ነበር። ያ ለኢትዮጵያ ትልቅ ነገር ነው። አንዱን ጠረጴዛ ትታ ስትነሳ ሌላ የምትቀመጥበት ተዘጋጅቶ ጠበቃት፤ ድርድር ረግጣለች የሚለውን ክስም ለመመለስ ቻለች።

የረቂቁን ይዘት ሳያነሱ መቅረቷን መመዘን አይቻልም። ዋናው ጠብ የነበረው ድርቅ ላይ ነው። ዓባይ በግድቡ ቦታ በዓመት በአማካይ ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይፈስሳል። ዓመታዊው ፍሰት ከ37 ቢሊዮን ሲያንስ፣ ወይም ዝቅተኛ ዓመታት ሲደራረቡ፣ ኢትዮጵያ ከያዘችው ላይ እንድትለቅ የሚያስገድድ ቀመር ቀርቦ ነበር። ላዩን ሲያዩት ሰብዓዊ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ለጎረቤት ማካፈል ማን ይጠላል? ችግሩ ያለው ልኬቱ ላይ ነው። ከላይ፣ በዳንግላ ወይም በጃዊ፣ ገበሬው ጅረት ጠልፎ ድንችና ሽንኩርት ቢያለማ፣ የጣና በለስ ስኳር ልማት ውኃ ቢጨምር፣ ወደ ግድቡ የሚገባው ያንሳል፤ ግድቡ ግን የተጻፈበትን መልቀቅ አለበት። እንዲህ ያለ ቁጥር ዓመት ሲደራረብበት የውኃ ድርሻ ይሆናል፤ ላይኛው አገር ወደፊት የሚያለማውን ሁሉ አስቀድሞ ይገድበዋል። የ1959ኙ ውል በሌላ በር ገባ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት መቅረቱ ትክክል ነበር እላለሁ።

አለመግባባት ሲነሳ ማን ይዳኝ የሚለውም አልተፈታም ነበር። ግብጽ አሳሪ ዳኝነት ትፈልጋለች፤ ኢትዮጵያ አትፈልግም። እዚህ ላይ የአልጀርስ ጥላ ያለ ይመስለኛል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. እዚያ ከኤርትራ ጋር የተፈረመው ውል የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የመጨረሻና አሳሪ ይሆናል አለ፤ ሚያዝያ 1994 ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ሰጠ፤ ሁለቱ አገሮች ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት በሰላምና በጦርነት መካከል ተንጠልጥለው ቆዩ። ከመፈረም በፊት መነሳት ሲቻል አለመነሳት፣ ከፈረሙ በኋላ ለመነሳት መሞከርን ያመጣል፤ ያ ደግሞ ሁልጊዜ ውድ ነው። ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የፈረሙትን የውጫሌን ውል ለማፍረስ ለዓመታት ጻፉ፣ ተከራከሩ፣ መሣሪያ አሰባሰቡ። የጣሊያኑ አንቶኔሊ ዳግም ሊደራደር መጥቶ በአንቀጽ 17 ጉዳይ ከንጉሠ ነገሥቱና ከጣይቱ ጋር ሳይግባባ ሄደ፤ በ1885 ውሉ ቀሪ መሆኑ ታወጀ፤ ነገሩ ግን የተዘጋው ዓድዋ ላይ በደም ነው።

መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ አልሲሲና አልበሽር የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ኢትዮጵያ ለግድቡ ዕውቅና አገኘችበት። በምላሹ ስለ መጀመሪያው ሙሌት በመመሪያዎች ለመስማማት ቃል ገባች። ሙሌቱ ከግንባታው ጎን ለጎን ይሄዳል ብላ ታነባለች፤ ግብጽ ደግሞ ያለ ስምምነት ሙሌት የለም ብላ ታነባለች። ያ በሁለት መንገድ የሚነበብ አንቀጽ ሁለቱንም ሳይጣሉ ወደ ቤታቸው መለሳቸው፤ አምስት ዓመት ቆይቶ ዋሽንግተን ላይ ዋናው መጣያ ሆነ።

መነሳት ያለ ዋጋ አልመጣም። አሜሪካ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 130 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ዕርዳታ አገደች። ጥቅምት 13 ቀን 2013 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግብጽ ግድቡን ታፈነዳዋለች ብለው በአደባባይ ተናገሩ። በሁለተኛው ሳምንት በሰሜን ጦርነት ተነሳ። ሱዳን በዚያው ሰሞን አል ፋሽቃን ያዘች፤ እስከዚያ ድረስ በግድቡ ጉዳይ መሃል ላይ ስትወላውል የነበረችው አገር ወደ ካይሮ አዘነበለች። መተከል ተቃጠለ። ከዚያ የተፈናቀሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በቻግኒ፣ ራንች በተባለው ቦታ፣ በድንኳን ሰፈሩ፤ ያ መንገድ ወደ ግድቡ የሚወስደው መንገድ ነው። የአዊ ሰው ያለውን አካፍሎ ተቀበላቸው። መጋቢት 2013 መጨረሻ ኪንሻሳ ላይ ድርድሩ ያለ ውጤት ሲበተን፣ የኢትዮጵያ ልዑክ ከኋላው ያለው አገር የየካቲት 2012ቱ አልነበረም። ግድቡ ግን ቀጥሎ ነበር። ብዙዎቻችን የዘነጋነው ይህን ነው፤ የአገር ውስጥ ሰላም ራሱ የድርድር ስንቅ ነው፤ እሱን ስናባክን የከፈልነው በውኃ ሚኒስትሩ በጀት ውስጥ አይታይም።

ግብጽም ተነስታ ሄዳለች፤ ይህ በእኛ ዘንድ ብዙ አይነገርም። በ2012 መጀመሪያ ድርድሩ መውጫ አጣ ያለችው እሷ ናት፤ የአሜሪካንን ጠረጴዛ ያመጣውም ያ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 2015 ዐቢይ አሕመድና አልሲሲ ካይሮ ላይ በአራት ወር ውስጥ እንቋጨዋለን ብለው አራት ዙር ከተካሄደ በኋላ፣ ታኅሣሥ 2016 ላይ አዲስ አበባ በተደረገው ስብሰባ መጨረሻ ድርድሩ አበቃ ያለችውም ግብጽ ናት። እንዲህ ማለት የቻለችው እሷም ስንቅ ስላላት ነው። የአስዋን ሐይቅ እስከ 162 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል፤ የሙሌቱ ዓመታት ዝናብም ጥሩ ነበር። የፈራችው ጥም አልመጣም። ባለመምጣቱ ግብጽ ቸኩላ መፈረም አላስፈለጋትም፤ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ሥራ ላይ የዋለውን የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍም እስካሁን ከውጭ ሆና ትቃወመዋለች።

ተነስታ መሄድ የማትችለው ሱዳን ናት። ግድቧ ሮዜሬስ ከሕዳሴው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ የሚይዘው ውኃ የሕዳሴው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ከላይ ምን እንደሚለቀቅ በየቀኑ ካላወቀ በጨለማ ይሠራል። በሐምሌ 2012 የካርቱም የውኃ ጣቢያዎች ድንገት ውኃ ሸሽቷቸው ሥራ እንዳቆሙ የሱዳን መንግሥት ገልጾ ነበር። ለዚህ ነው ካርቱም አንድ ሰሞን ግድቡ ጎርፍ ያስቀርልኛል፣ ሌላ ሰሞን ሕዝቤን ያሰጋል ስትል የኖረችው። ወላዋይ ናት ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እሷ ግን የምትሄድበት ሌላ ቤት የሌላት ናት። ወዲህ ደግሞ በራሷ ጦርነት ተይዛለች።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሙሌት የሚባለው ርዕስ ተዘጋ፤ የ2012ቱ ክረምት ያደረገልንን ማንኛውም ቀጣይ ክረምት አያደርግልንም። ግድቡ ሙሉ ነው፤ ጊዜ በዝምታ የሚጨምርልን ነገር አልቋል። ይልቁንም በዝምታው የሚጠራቀመው ክስ ነው። መስከረም 2018 ላይ ሱዳን ውስጥ ጎርፍ መንደር ሲያጥለቀልቅ ግብጽ ኢትዮጵያ ውኃውን ያለ ጥንቃቄ ለቀቀችው አለች፤ ኢትዮጵያ አስተባበለች። በዚያ ጭቅጭቅ ውስጥ እኛ ትክክል ብንሆን እንኳ ሦስቱም አገሮች አብረው የሚያነቡት የዕለት መዝገብ ስለሌለ ማስረጃችን የራሳችን ቃል ብቻ ነው። ገና ያልመጣው ረጅም ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ከጎርፉ ይከብዳል፤ በድርቅ መሃል የሚደረግ ድርድር እንደ ታመመው ዲከረንስ ሽያጭ ነው፤ ሁሉም ተቻኩሎ በመጥፎ ዋጋ ይሸጣል።

በመንግሥት ሰዎች ንግግርና በሚዲያችን ውስጥ የምሰማው ቃል ግን አሁንም የ2012 ነው፤ አንፈርምም፣ ማንም አያስገድደንም። ማንም እንደማያስገድደንማ ታየ። ለዚያ ነው አሁን ወደ ጠረጴዛው መጥራት ያለብን እኛ የምንሆነው። የያዘ ሰው ሲጠራ ልመና አይሆንም። የድርቅ ቀመሩን ዛሬ መዝጋት ግድ አይደለም፤ የላይኛውን ተፋሰስ የመስኖ መብት የሚነካ ቁጥር አሁንም ቢሆን መፈረም የለበትም፤ በዳንግላና በጃዊ ያለው ሰው የወደፊት ዕጣ በቀመሩ ውስጥ ስሙ ተጽፎ እስኪታይ ድረስ። ከዚያ የሚቀድም ትንሽ ውል አለ፤ ከጉባ ወደ ሮዜሬስ የዕለቱን የውኃ ከፍታ፣ የገባውንና የተለቀቀውን መጠን በየጠዋቱ የሚያደርስ የመረጃ ልውውጥ። የውኃ ድርሻ አይነካም፤ ዳኛ አያስፈልገውም፤ ካይሮ ባትፈርም ከካርቱም ጋር ብቻ ሊፈረም ይችላል። የዚህን ውል ረቂቅ ሊያዘጋጁ የሚችሉት ባለሙያዎች ቁጥሮቹን አሁንም በየቀኑ እየመዘገቡ ነው፤ የሚቀረው በውል ማሰሩ ነው።